ማንንም ያላስቸገረ ጥናት

ሰው የሚያስቸግር ተመራማሪ ሞልቷል። መጠይቅ ይዞ በየደጃፉ እየዞረ ሥራ ያስፈታል፣ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ገቢ ይቆፍራል። ዛሬ ምስጋና የሚገባቸው ግን የማስተርስ ጥናታቸውን ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ መጠይቁን ራሳቸው እየሞሉ የጨረሱት ናቸው።

በጥናት ሥነ ምግባር ሚዛን ቢመዘኑ የሚወጣላቸው ነቀፋ የለም። አሜሪካ ውስጥ ተስኪጊ በተባለ ቦታ 399 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ሳይታከሙ ሲጠኑ ኖሩ። ነውሩ ከተገለጠ በኋላ፣ በ1979፣ የቤልሞንት ሪፖርት የተባለው የጥናት ሥነ ምግባር ሰነድ ሦስት መርሖ አስቀመጠ፦ ሰውን ማክበር፣ መጥቀምና አለመጉዳት፣ ፍትሕ። የእኛዎቹ ሦስቱንም ያሟላሉ። ያላገኙትን ሰው አልናቁም፣ አልጎዱም፣ አላበላለጡም። ምስጢር መጠበቁማ አይነሣ፤ መላሾቻቸውን ፖሊስ ቢፈልግም አያገኛቸውም።

ናሙናው፣ ማለትም የሚጠየቀው ሰው ብዛት፣ እንደተለመደው 384 ነው። 1.96 (የ95 በመቶ እርግጠኝነት ቁጥር) በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በ0.5 ሁለት ጊዜ ይባዛል፣ ከዚያ 0.05 (የሚፈቀደው ስሕተት) በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል፤ 384.16። የጉዳዩ ስርጭት ካልታወቀ 50 በመቶ ይያዝ ስለሚባል፣ የሚጠናው የባንክ ደንበኛ ይሁን ነፍሰ ጡር ቁጥሩ ያው ነው። «እምቢ የሚል አይጠፋም» ተብሎ 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይደርሳል። 422 ተበተነ፣ 422 ተመለሰ። እንዲህ ያለ ተባባሪ ሕዝብ የት ይገኛል?

ሥራው ጥበብ አለው። ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ ይፈራረቃል። ጥቂቱ ወረቀት ይታሻል፣ ሁለት ሦስቱ ላይ ቡና ጠብ ይደረጋል። መጻፍ የማይችል መላሽ በፈቃድ ቅጹ ላይ በጣቱ ይፈርማል፤ አሥር ጣት ስላለ አሥር ሰው ተገኘ ማለት ነው፣ ለቀሪው የእኅት ልጅ ይጠራል። አንዱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓምድ ስለሚስቡት የመልሶችን እርስ በርስ መስማማት የሚለካው፣ 0.7 ይበቃው የነበረው የክሮንባክ አልፋ 0.96 ይመታል። አድቫይዘሩም ደስ ይለዋል።

የሚያስቸግረው እውነተኛ ሰው ነው፤ መረጃው ንጹሕ አይደለም። የአገራችን ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ 30፣ 35፣ 40 ማለት ስለሚቀናው እውነተኛ መረጃ በ0 እና በ5 ላይ ይከመራል። የእኛዎቹ 31፣ 37፣ 42 እያሉ በእኩል ያድላሉ። እውነተኛ መላሽ ገቢውን ይዘላል፣ ልጅ ሲያለቅስበት ግማሹን ትቶ ይነሣል፤ በእነሱ ቅጽ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን አይገኝም። ታብሌት የመጣ ጊዜ ግን ፈተና ሆነ። ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው መጠይቅ መሙያ መተግበሪያ ቅጹ የተከፈተበትንና ያለቀበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ 40 ጥያቄ በሁለት ደቂቃ ሲያልቅ ያሳብቃል። ቦታ እንዲመዘግብ ከታዘዘማ መንደሩ በሙሉ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ይገኛል። ተቆጣጣሪ ከመቶ አምስቱን ቤታቸው ሄዶ ደግሞ ቢጠይቅ ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ደግነቱ ለዚያ በጀት አይያዝም።

ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ዲዴሪክ ስታፕል በዚሁ መንገድ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች አጋለጡት፤ 58 ጽሑፎቹ ተሰረዙ። እዚያ ሰው ሥራ ቢፈታ ነው ጥሬ መረጃ የሚያየው።

ከሦስቱ ታላላቅ ጥፋቶች፣ ከመፈልሰፍ፣ ከማዛባትና ከመስረቅ፣ የእኛዎቹ አንዱን ብቻ መርጠዋል። አላዛቡም፤ የሚዛባ አልነበራቸውም። ጽሑፉ በጆርናል ሲወጣ የክፍሉ ኃላፊ ስም ከፊት ይገባል፤ መረጃውን ከሰበሰበው እኩል ደክመዋልና ፍትሐዊ ነው።

«የጥናቱ ውስንነት» በሚለው ሥር ደግሞ ይህ ተጽፏል፦ «አንዳንድ መላሾች ለመተባበር ፈቃደኛ አልነበሩም።» 422 ከ422 መልሰው እንዴት እምቢ አሉ? በዲፌንሱ ዕለት የውጭ ፈታኙ መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን ገለጡ፣ ቆም አሉ፣ ከዚያም የገጽ ቁጥሩ ለምን መሐል ላይ እንዳልሆነ ጠየቁ።