ዱናንት ወይስ ናይቲንጌል? የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የሰብአዊነት ሰው

ሁለት ተከራካሪዎች ተሟግተዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለሄንሪ ዱናንት የቆመው፦

ጁን 24 ቀን 1859 ሰሜን ኢጣሊያ ውስጥ ሶልፌሪኖ ላይ የፈረንሳይና የሰርዲኒያ ጦር ከኦስትሪያ ጦር ጋር ሲተላለቅ ዋለ። ዱናንት ወታደር አልነበረም፤ ሐኪምም አይደለም። የጄኔቫ ነጋዴ ነው፤ ወደዚያ የሄደውም ለአልጄሪያ ንግዱ ሲል ናፖሊዮን ሦስተኛን ደጅ ሊጠና ነበር። ካስቲሊዮኔ ሲደርስ ግን ቁስለኛው በቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ተደርድሮ ውሃ ውሃ ይላል፤ የሚያቀብለው የለም። የመጣበትን ጉዳይ ትቶ ቁስል ያጥብ፣ የሟች ኑዛዜ ይቀበል ጀመር። የከተማዋ ሴቶችም ወገን ጠላት ሳይለዩ «ቱቲ ፍራቴሊ»፣ ሁሉም ወንድማማች ናቸው፣ እያሉ አብረውት ደከሙ።

እዚያ ቢያበቃ ደግ ሰው ብለን እናልፈው ነበር። እርሱ ግን ያየውን ጽፎ በ1862 በራሱ ገንዘብ አሳተመ። በ1863 ከአራት ሰዎች ጋር ኋላ ቀይ መስቀል የሆነውን ኮሚቴ መሠረተ፤ በ1864 ደግሞ 12 መንግሥታት የጄኔቫን ስምምነት ፈረሙ። ቁስለኛን የማንም ወገን ቢሆን ማከም ከዚያ ወዲህ የአገሮች ሕግ ነው።

ለፍሎረንስ ናይቲንጌል የቆመችው፦

ወንድሜ፣ ሶልፌሪኖን ያነሡት ደግ አደረጉ፤ እኔ ግን አምስት ዓመት ወደ ኋላ ልመልስዎ። እንግሊዛዊቷ ነርስ ናይቲንጌል፣ እንግሊዝ ከሩሲያ ጋር በተዋጋችበት በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በኖቬምበር 1854 ከ38 ነርሶች ጋር ኢስታንቡል አጠገብ ስኩታሪ ወደሚገኘው የእንግሊዝ ጦር ሆስፒታል ስትገባ ወታደሩን የሚፈጀው ከጥይት ይልቅ ተስቦ፣ ኮሌራና ተቅማጥ ነበር። ሕንፃው የቆመው በተደፈነ የፍሳሽ ቦይ ላይ ነው። በዚያ ክረምት እርሷ እያለችም ሟቹ በዛ እንጂ አልቀነሰም፤ ይህን አልደብቅም። ቦዩ የተጠረገው በ1855 የንጽሕና መርማሪዎች ሲመጡ ነው።

ታላቅነቷን የማየው ከዚህ በኋላ ነው። አገሯ ስትመለስ እንደ ጀግና ተቀብለዋት ሳለ በሙገሳው አልተኛችም፤ የሟቾቹን መዝገብ ይዛ ቁጭ አለች። አብዛኛው ሞት ሊቀር ይችል እንደነበር ቆጥራ ደረሰችበት፤ ሹማምንቱ እንዳያመልጧትም ቁጥሩን በሥዕል አድርጋ አቀረበችላቸው። በ1860 ለንደን ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተላት። በጎ ፈቃደኞች ቁስለኛን ያስታምሙ የሚለውን የዱናንትን ሐሳብ ስትሰማም ተቃወመች፦ ቁስለኛውን ማስታመም የአዝማቹ መንግሥት ግዴታ ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ከተሸከመለት መዋጋት ይቀለዋል። ለዚህ ምን ይመልሳሉ?

ለዱናንት የቆመው፦

እህቴ፣ ጥያቄው ከባድ ነው፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። ግን መንግሥት ግዴታውን እስኪያስታውስ ካስቲሊዮኔ ወለል ላይ የተኛውን ማን ያጠጣው? ዱናንት ደግሞ ዋጋ ከፍሎበታል። በ1867 ከሰረ፤ የራሱ ከተማ ሰዎች ፊት ነሡት፤ ከኮሚቴውም ወጣ። በ1901 የመጀመሪያውን የኖቤል የሰላም ሽልማት ከፈረንሳዊው የሰላም ታጋይ ከፍሬደሪክ ፓሲ ጋር ሲካፈል ሃይደን በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር፣ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ የሚኖር ሽማግሌ ነበር።

ለናይቲንጌል የቆመችው፦

መከራውን አከብራለሁ። ምስክሬ ግን ራሱ ዱናንት ነው። በ1872 ለንደን ላይ ሲናገር፣ የቀይ መስቀል መሥራች ቢባልም የስምምነቱ ክብር የሚገባው ለአንዲት እንግሊዛዊት እንደሆነ፣ በ1859 ጦርነት ወደ ኢጣሊያ እንዲሄድ ያነሣሣውም የእርሷ የክራይሚያ ሥራ እንደነበር መስክሯል።