የማኅተሙ ሰውዬ

ሰሞኑን ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ ማኅተም ላስመታ ሄድኩ። በሩ ላይ «የተቋማዊ ለውጥና መልካም አስተዳደር ክትትልና ድጋፍ ከፍተኛ ባለሙያ 4» ይላል። ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ማኅተም የሚመታ ሰው ይሁን አይሁን ግን አልገባኝም። ጥበቃው አየኝና «የማኅተሙን ሰውዬ ፈልገህ ነው? ምሳ ወጥቷል፣ ስምንት ሰዓት ይመጣል» አለኝ። ስምንት ቃልና አንድ ቁጥር ያልነገሩኝን እሱ በሁለት ቃል ጨረሰው።

መሳቄ ራሴንም ስለማውቀው ነው። ድሮ የሠራሁበት ድርጅት ደመወዝ ጨምሩልኝ ስል ማዕረግ ጨመረልኝ። «ሲኒየር» ሆንኩ። በማግስቱ ያንኑ ባነር ስሰቅል ዋልኩ። እናቴ ቢዝነስ ካርዴን አገላብጣ አየችና «ጎሽ የኔ ልጅ! እና ምንድነው የምትሠራው?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና «ቢሮ ነው» አልኳት።

የጥንቶቹ ማዕረግ ቢያንስ ሥራውን ይናገር ነበር። ግራዝማች የግራውን ጦር ይመራል፣ ቀኛዝማች የቀኙን። እኔ የምወደው ሊቀ መኳሱን ነው። ጦር ሜዳ ላይ እንደ ንጉሡ ለብሶ ጠላትን ያሳስታል። የሥራ ዝርዝሩ አጭር ነው፤ በንጉሡ ፈንታ መመታት። ይህን የሥራ መደብ ማን ይወዳደርበታል? በእርግጥ በኋላ በኋላ ጦርነት ያላየውም ግራዝማች ይባል ጀመር። እኛን መምሰል የጀመሩት ያኔ ነው።

ከውጭ የመጣውም አልተረፈም። «ሚኒስትር ዴኤታ» ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ይህ ስም የሚሰጠው ከሌሎቹ ሚኒስትሮች ላቅ ላለው ነው። አራት ኪሎ ሲደርስ ከሚኒስትሩ በታች ተቀመጠ። መንገዱ ሳያደክመው አልቀረም።

ስምንት ሰዓት አልፎ ሰውዬው መጡ። ደግ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ያለው ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። «መዋቅሩ ሲቀየር ነው የለጠፉብኝ። በፊት መዝገብ ቤት ነበርኩ፤ አሁንም ያው ነኝ» አሉኝ። ማኅተሙን መቱልኝ። ቀጥለው ስማቸውና ማዕረጋቸው ያለበትን ቲተር አነሱና ከፊርማቸው ሥር ጫን አደረጉት። ቲተሩ ከመርዘሙ የተነሳ «ባለሙያ 4» የሚለው ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።