ሩሳቭስኪያ ትነጠል ወይስ ከዛንቶሪያ ጋር ትቆይ?

ጣና ዳር ድንጋይ ላይ የምናየው ብርቱካንማ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ ላይከን ነው፤ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት አካል። እ.ኤ.አ. በ2003 የላይከን ተመራማሪዎቹ ኮንድራትዩክና ሼርነፌልት ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ ጥቂት ዝርያዎችን ዛንቶሪያ ከሚባለው ጂነስ (የሚዛመዱ ዝርያዎች ምድብ) ለይተው ሩሳቭስኪያ የሚባል ሌላ ጂነስ አቋቋሙ። ሁለት የባሕር ዳር ባዮሎጂስቶች፣ አንድ አንጋፋ መምህርና የቀድሞ ተማሪያቸው፣ በዚህ አይስማሙም።

አትነጠል ባይ፦ ለመስክ ሥራ የምይዘው አጉሊ መነጽርና ጥቂት የፖታሽ ውሁድ ነው። ብርቱካንማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳሳርፍበት ወዲያው ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ፓሪየቲን የሚባለው ቀለም ነው። ዛንቶሪያም ሩሳቭስኪያም ላይ ውጤቱ ያው ነው። ታዲያ መለያየቱ ለማን ይበጃል? ኤሌጋንስ የምትባለው ዝርያ በ1860 ዛንቶሪያ ተባለች፣ በ1871 ካሎፕላካ ወደሚባል ሌላ ጂነስ ገባች፣ በ2003 ሩሳቭስኪያ ሆነች። በ2005 ፎቶን-ኤም2 በተባለች የጠፈር መንኮራኩር ሄዳ ለሁለት ሳምንት ገደማ ለባዶ ጠፈር ተጋልጣ በሕይወት የተመለሰችው ይህችው ናት፤ ጥናቱ ግን የተጻፈው በዛንቶሪያ ስም ነው። ተማሪዬ በአዲሱ ስም ቢፈልግ ምን ያገኛል?

ትነጠል ባይ፦ መምህር፣ ጠብታው ባይለያትም ዓይን ይለያታል። የዛንቶሪያ ቅጠል መሳይ ክፍሎች ሰፋፊ ናቸው፤ ጫፋቸውን በጥፍር ማንሳት ይቻላል። የሩሳቭስኪያ ግን ጠባብና ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ ብላ ያለ ቢላ አትላቀቅም። እርስዎም ቢሆኑ ያስተማሩን ቅጠል መሳዩን ዛንቶሪያ፣ ቅርፊት መሳዩን ካሎፕላካ እያሉ ነበር። ዲኤንኤ ሲታይ ግን ቅጠል መሳይነት በተለያየ ሐረግ በየፊናው የመጣ ሆኖ ተገኘ። በ2013 አሩፕና ባልደረቦቹ ቤተሰቡን፣ ማለትም እነዚህን ጂነሶች ሁሉ የሚያቅፈውን ሰፊ ምድብ፣ እንደ አዲስ ሲያዋቅሩ ካሎፕላካ ተበታተነች፤ ሩሳቭስኪያ ግን ጸናች። በመልክ ዘመድ ከቆጠርን ባዳውን ወንድም ልናደርግ ነው። የድሮ ስሞችም ቢሆኑ አይጠፉም፤ የፈንገስ ስም ማውጫዎች ከአዲሱ ጋር አያይዘው ይመዘግቧቸዋል።

አትነጠል ባይ፦ ማውጫውን ማን ይከፍታል? ደግሞ ቢላ ስትል ደነገጥኩ። ኤሌጋንስ በዓመት የምታድገው ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ መዳፍ የሚያህለውን ስትፍቅ ከአያትህ የምትበልጠውን እየፋቅክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ዲኤንኤው እስኪመረመር ድረስ ቤተሰቡን ብቻ፣ ቴሎስኪስታሲኤ ብለው ይጻፉ።

ትነጠል ባይ፦ ይጻፉ፤ በዚህ አልከራከርም። ለምርመራው ግን መዳፍ የሚያህል አያስፈልግም፤ የሽንብራ ግማሽ የምታህል ቁራጭ ትበቃለች።