ሴራሚኩ ግን ያምራል!

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ በኩል አንድ የኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ታድሶ ተመረቀ። እንኳን ደስ ያለን! በጀቱ እንደ ወጉ መርካቶ ሴራሚክ መራጭ ሆኖ ገባ፣ ሳይወጣ እዚያው አለቀ። ብቻ ለስብርባሪ የሚሆን 10 በመቶ ትርፍ አልተገዛም፤ እሱማ ብክነት ነው። ቧንቧውስ? ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ነገር በግፊት ተፈተነ አልተፈተነ ማን ያየዋል? «ሲፎናችሁ እንዴት ያምራል!» ያለ እንግዳ እስከ ዛሬ አልተሰማም።

እኔን ያስደመመኝ ግን ስሎፑ ነው። ወለሉ ወደ ፍሳሽ ማውጫው በየ1 ሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይውረድ የሚሉ ጨቅጫቃዎች አሉ። ባለሙያችን «የኔ ዓይን ራሱ ውሃ ልክ ነው» ብሎ ወለሉን ወደ በሩ አዘነበለው። ሻወር ሲከፈት ውሃው ማውጫውን ከሩቅ ሰላም ብሎ ወደ ሳሎን ያዘግማል። ምንጣፉ ሥር አረፍ ይላል። ከዚያ ሶፋውን ዞሮ የቴሌቪዥን ማስቀመጫውን ቺፕውድ እስኪያብጥ ያጠጣዋል። ቤተሰቡ አምስት ደቂቃ ታጥቦ ሩብ ሰዓት ውሃ ሲገፋ ያልበዋል፤ ላቡን ለማስለቀቅ ተመልሶ ይታጠባል። የውሃ መጥረጊያውማ ከበር ጀርባ ቆሞ የቤተሰብ አባል ሆኗል፤ ቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው የቀረው። ማውጫው ደግሞ ጠብታ ሳያገኝ ሲፎኑ ውስጥ ሽታ የሚያግደው ውሃ ይደርቅና የሰፈሩ ፍሳሽ ሽታ ሽቅብ ይመጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሎሚ ሽታ ያለው መርጫ ይገዛል። ከሴራሚኩ ጋር የሚሄድ ቀለም ከሆነማ ግሩም ነው።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይቅር። ታች ሰው ይኖራል! ከሴራሚኩ በፊት ወለሉንና የግድግዳውን ግርጌ ዋተርፕሩፍ (ውሃ የማያሳልፍ ቅብ) ሁለት እጅ መቀባት፣ ማዕዘኑን በጨርቅ ማጠናከር፣ ሲደርቅ ማውጫውን ደፍኖ ውሃ አቁሮ 24 ሰዓት መጠበቅ ነበር። ፈተናው አንድ ቀንና ጥቂት ባልዲ ውሃ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። ታች ያሉት እናት ምጣድ ላይ የእናንተ እጣቢ ጠብ ሲል «ኮንዶሚኒየም እኮ እንዲህ ነው» ማለት ነውር ነው። ነውር!

ለማንኛውም ሴራሚኩ ሊፈነቀል ነው። ደግነቱ መርካቶ አዲስ ሞዴል ገብቷል አሉ።