የዓመቱ ምርጥ ጣት

ዓመት ሲዞር ሁሉም ምርጡን ይመርጣል። የዓመቱ ምርጥ ዘፋኝ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች፣ የዓመቱ ምርጥ ቲክቶከር። የ2016 ምርጥ ማን ነው ብትሉኝ ለአፍታም አላመነታ። አውራ ጣት ነው። ሌላው የሰውነት ክፍል ሁሉ ተመልካች ነበር።

ሰነፍ ነው፣ ሥራ አይወድም እየተባለ ሲታማ የኖረው የአገሬ ወጣት በዚያ ዓመት ሐሜተኞቹን አሳፈረ። መጀመሪያ በቴሌግራም ኖትኮይን የሚባል ጨዋታ መጣ። ሥራው ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሳንቲም መንካት ነበር፤ በቃ። ግንቦት 8 ቀን ሳንቲሙ እውነተኛ ገበያ ላይ ወጣና አንዳንዶች ጠቀም ያለ ብር አገኙ። «አንዳንዶች» የምትለዋን ቃል ግን የሰማት የለም። ከዚያማ ሃምስተር የምትባለው ጨዋታ ነገሠች።

ላላያችሁት፣ ሃምስተር አይጥ ቢጤ ናት። ጨዋታው ገና እንደገባህ የክሪፕቶ፣ ማለትም የዲጂታል ገንዘብ፣ መገበያያ ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ይሾምህ ነበር። ልምድ አይጠይቅ፣ ዋስ አይጠይቅ። ሲቪ ይዞ ሦስት ዓመት የዞረ ልጅ በአንድ ጀንበር ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ደመወዙ በኋላ ይታሰባል።

ትጋቱን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ በአራት ጣት እንደ በገና ይደረድራል። ረዳቱ «ሒሳብ» ሲለው ግራ እጁ ኪሱ ገባ፤ ቀኙ ሥራውን አላቋረጠም። መልሱን እንኳ አልቆጠረም። ሚሊዮን የሚቆጥር ሰው ለአምስት ብር አይጨነቅም።

እኔስ ብትሉ? አይጧ በየሦስት ሰዓቱ ካልጎበኟት ገንዘብ መሥራቷን ታቆም ነበር። ማኅሌት ሲደወል ትራስ ጆሮዬ ላይ የምጭን ሰውዬ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አላርም ሞልቼ ተነሥቻለሁ። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት እንደመጣብኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ዕውቀትም ገብይተናል። ጨዋታው በየቀኑ አንድ ቃል በሞርስ ኮድ፣ በነጥብና በሰረዝ፣ ያስጽፍ ነበር። አያቶቻችን በቴሌግራፍ የተዉትን እኛ በቴሌግራም ተማርነው። የዕለቱን መልስ ደግሞ ዩቲዩበሮቻችን በነጻ ያድሉናል፤ ላይክና ሰብስክራይብ ብቻ ነው የሚጠይቁት። «እርግጠኛ ነኝ፣ ይከፍላል» ይሉናል። ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ሲባል የሰማሁት ያኔ ነው የገባኝ።

ማኅበራዊ ኑሯችን ታድሷል። ከሁለተኛ ደረጃ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ጓደኛዬ «ወንድሜ፣ ጠፋህ እኮ፣ እናትህ ደኅና ናቸው?» ብሎ ጻፈልኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። መልስ ሳልጽፍ የጨዋታው መጋበዣ ሊንክ ደረሰ።

የዓለም ጉዳይ ላይም ንቁ ሆነናል። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዕለቱ ከ74 ብር በላይ ገባ። ዘይት ሊወደድ ነው ብሎ አገር ሲጨነቅ ስክሪን ነኪው ወገን ብቻ ፈገግ አለ። ገና ያላገኘው ዶላር ዋጋ ጨመረለታ! ላም አለኝ በሰማይ ይባል ነበር፤ እኛ አይጥ አስገባንበት። ነሐሴ ላይ ደግሞ የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ፓሪስ አቅራቢያ ሲያዝ ሰፈራችን እንደ መርዶ ተቀበለው። ለምን ተያዘ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ሃምስተርስ?»

የክፍያው ቀን መስከረም 16 ሆነ። የደመራ ዕለት! ይህን አጋጣሚ ለመልካም ምልክት ያልወሰደው ማን አለ? ከ300 ሚሊዮን በላይ ተጫዋች አለኝ ሲል የከረመው ጨዋታ ለ131 ሚሊዮኑ አካፈለ። ሳንቲሙ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ገበያ ወጣ። የወራት ልፋቴ ተመንዝሮ ሦስት ዶላር አልሞላም። የኢንተርኔት ጥቅሉን ወጪ አልደመርኩትም፤ በበዓል ቀን ሒሳብ ደስ አይልም።

ማታ የሰፈራችን ደመራ ተለኮሰ። እናቴ ደመራው የወደቀበትን አቅጣጫ አይታ ነው የዓመቱን ነገር የምትናገረው። ዘንድሮ ግን ጭሱ ዓይኗን ያዛት።

«ወዴት ወደቀ ልጆች?» አለች።

የእህቴ ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «ቀጥ ብሎ ወደ ታች» አላት።

ችቦው ሳይጠፋ ስልኬ ጮኸ። እዚያው አጠገቤ ቆሞ ሊንክ ልኮልኛል። «ጋሼ፣ አይጧን እርሳት። ይቺኛዋ ድመት ናት።»