እህትና ወንድምስ መቼ ያልቅሱ?

ጎንደር ላይ ሰው በድንገት ሲሞት የመጀመሪያው ስልክ ለእናት አይደወልም። ለሚስትም ለባልም አይደወልም። የሚደወለው ለወንድም ወይም ለእህት ነው። «እናትህ አጠገብህ ናት? እስቲ ወጣ በል» ይባላል። ነገሩ ከተነገረው በኋላም «ጠንከር በል፣ እናትህ እንዳትሰማ» ይከተላል።

የመርዶ ሥርዓታችን እንዲህ አልነበረም። ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ይማከራሉ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ሳይቆም ቃሉ አይወጣም። ይህ ጥንቃቄ ለወላጅ ዛሬም አለ። እህትና ወንድም ግን ከአርጂዎቹ ወገን ሆነዋል። ወንድሙን ያጣ ሰው ከእናቱ ጋር ራት ቀርቦ፣ እንዳይነቃበት ጎርሶ፣ ሌሊቱን ጣሪያ ሲያይ ያድራል።

ታናሽ ወንድሜ በድንገት የሞተ ጊዜ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ሲነጋ ለእድሩ ዳኛ መንገር፣ አስከሬን ማስወጣት፣ ከደብሩ ጋር ስለ መቃብሩ መነጋገር፣ ድንኳን ማስተከል፣ ንፍሮው እንዳያልቅ መጠበቅ፣ ሁሉም እኔን ይጠብቅ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ገብቶ እናታችንን ያቅፋል፣ የወንድሜን ሚስትና ልጆች ያጽናናል። እኔ ዘንድ ሲደርስ «አይዞህ፣ እንግዲህ ያለኸው አንተ ነህ፤ እናትህን አደራ» ይላል። ክፋት የለውም፣ ከልቡ ነው። ግን ሌላ ሸክም ነው የጨመረልኝ።

ዱሮ ለእህት ስፍራ ነበራት። በገጠሩ ለቅሶ ሙሾ እያወረደች የወንድሟን ሙያ የምትቆጥረው እሷ ነበረች፤ ሕዝቡም በእሷ ግጥም ያለቅስ ነበር። ፊት መንጨቱና ደረት መድቃቱ መቅረቱ ደግ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ስትገሥጸው ኖራለች። ከእሱ ጋር ግን የእህትም ቦታ ተወሰደ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ወንድሟ የሞተባትን ሴት የምታገኟት ጓዳ ውስጥ፣ ለእንግዳ ቡና ስታስፈላ ነው።

ሰው ታሞ ሲሞት መሰነባበት አለ፤ ይናዘዛል፣ ይቅር ይባባላል። በድንገት ሲሆን የተኳረፉበት ነገር እንኳ እንዳለ ይቀራል። ወላጅ ልጅነታችንን ከውጭ ነው ያየው። በጥምቀት ዕለት ፋሲለደስ መዋኛ ማን ቀድሞ ውኃው ውስጥ እንደ ዘለለ፣ ማን ፈርቶ ጠርዝ ላይ እንደ ቀረ፣ እቤት ስንመለስ ስለ ረጠበው ልብሳችን ምን ብለን እንደ ዋሸን የሚያውቀው ወንድሜ ብቻ ነበር። አሁን ያን ነገር ከማን ጋር አነሣዋለሁ?

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲቋረጥ ቀብር ያመለጣቸው እህቶችና ወንድሞችም አሉ። ለእነሱ ለቅሶው ገና አልተጀመረም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሠልስቱ ወጣ ማለት ሥራ ገበታ ላይ ነህ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ6 ወር በላይ ሳይለቅ ኑሮን የሚያናጋ ከባድ ሐዘንን በበሽታዎች ምደባው ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ወንድሙን ካጣ ወዲህ እንቅልፍ የራቀውን፣ ከሰው የሸሸውን «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ» አንበለው። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ የአእምሮ ሐኪም ማየትም ከጠበሉ ጋር አይጣላም።

እድሮቻችን ድንኳኑንና ወንበሩን ችለው፣ ቀባሪውን አሰልፈው ሐዘንተኛን ያሳርፋሉ። እኔ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። እህትና ወንድም መርዶ የሚነገራቸው ይሁኑ እንጂ አያርዱ። ለመቃብሩ የአጎት ልጅ ይሩጥ፣ ለንፍሮው ጎረቤት ይቁም፤ እነሱ ከእናታቸው ጎን ፍራሹ ላይ ይቀመጡና ያልቅሱ። ከአርባው በኋላ፣ እግር ሲቀንስ፣ እድሩ ሁለት ሰው መድቦ እነሱንም ይጠይቅ፤ የሟቹንም ስም ያንሣላቸው። ለዚህ አዲስ መዋጮ አያስፈልግም። በሚመጣው የእድር ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ ቢናገርና በቃለ ጉባኤ ቢያዝ ይበቃል።