ገማይኛን ለመሰነድ፦ ሰዋስው ይቅደም ወይስ ድምፅ?

ገማይኛ በመካከለኛው ናይጄሪያ፣ በፕላቶ ግዛት፣ ሸንዳም አካባቢ የሚነገር ቻዳዊ ቋንቋ ነው። ቻዳዊ ቋንቋዎች ከአማርኛ ጋር በአፍሮእስያዊ ቤተሰብ ይዛመዳሉ፤ ትልቁ ሐውሳ ነው። የገማይኛ ተናጋሪ ከመቶ ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም ወጣቱ ወደ ሐውሳ እያደላ ነው። የቋንቋ ምሁሯ ቢርጊት ሄልቪግ የጻፈችው ሰዋስው እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ለእንዲህ ዓይነት ቋንቋ ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር ምን ይቅደም? ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ተሟግተዋል።

ለሰዋስው

ቋንቋ እንሰንድ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መቅረጫ ነው። ሽማግሌ ፈልግ፣ ተረት አስወራ፣ ቅዳ፣ አበቃ። አላበቃም!

ገማይኛ ውስጥ አንድ ዕቃ የት እንዳለ ስትናገር በደፈናው ማለፍ አይቻልም። ቆሟል? ተጋድሟል? ተቀምጧል? ተንጠልጥሏል? ግሱ ይለየዋል። ይባስ ብሎ ልዩነቱ ጠቋሚ ቃላቱም ውስጥ ገብቷል። «ይህ ጠርሙስ» ሲባል መቆሙ ወይም መጋደሙ አብሮ ይነገራል። (እኛ «አለ» ብለን እንገላገላለን።)

ይህን ተረት በመቅዳት ብቻ አታገኘውም። ሄልቪግ ለተናጋሪዎች ሥዕልና ዕቃ እያሳየች ነው የጠየቀችው። ጠርሙሱን አጋድመህ «አሁንስ?» ማለት ይጠይቃል። ደግሞ የማይባለውን የሚነግርህ ቅጂ የለም። የፈለከውን ያህል ሰዓት ቅዳ፤ አንድ አነጋገር ካልተገኘ ስህተት ሆኖ ነው ወይስ ሳያጋጥም ቀርቶ? ይህን የሚመልስልህ በሕይወት ያለ ተናጋሪ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ የሚጠይቀውም ሰዋስው ጸሐፊው ነው።

ለድምፅ

ወንድሜ፣ ጥያቄው ግሩም ነው። መልሱ የት ገባ? እንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ። የእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 ዩሮ ያልፋል። ሸንዳም ያለች እናት ምን ታድርገው? ልጇ በሐውሳ የሚያወራው ሰዋስው ስላልተጻፈለት አይደለም። ገበያውም ጓደኞቹም ሐውሳ ስለሆኑበት ነው።

ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ኒኮላውስ ሂመልማን እ.ኤ.አ. በ1998 መሰነድና መተንተን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ብሎ ጽፏል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ትንተና ያረጃል። ዛሬ የተጻፈውን ነገ ሌላ ተመራማሪ ሊያፈርሰው ይችላል። ድምፁ ካለ ተመልሶ ያዳምጣል፤ ከሌለ ጸሐፊዋን አምኖ መቀመጥ ነው። ገማይኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይበት ቋንቋ መሆኑንም አትርሳ። ከወረቀት ላይ ምን ትሰማለህ?

ለሰዋስው

እህቴ፣ ጋፋትኛን አስቢ። ዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረ፣ አማርኛ የዋጠው የእኛው ሴማዊ ቋንቋ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ያስተረጎመው መኃልየ መኃልይ አለ። ጽሑፍ ግን ጥያቄ ብትጠይቂው አይመልስም። የሴማዊ ቋንቋዎች ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የመጨረሻዎቹን ተናጋሪዎች አግኝቶ ባይጠይቅ ኖሮ ስለ ጋፋትኛ የምናውቀው በጣም ያንስ ነበር።

ለድምፅ

አንተው አነሳኸው እንግዲህ። ሰዋስዉ አለ፤ የሚናገረው ሰው የለም። ሌስላው እኮ ሊያልቅ ሲል ነው የደረሰው፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ገማይኛ ገና ብዙ ሕዝብ አለው። ቋንቋው እንደሞተ ቆጥረን ለምን እንጀምራለን? መምህር እናሠልጥን። የእናቶችን ወግ ቀድተን በየስልኩ እንዲዞር እናድርግ።

ለሰዋስው

መምህሩ በምን ያስተምር? ልጁ «ለምን እዚህ ጋ ቆሟል፣ እዚያ ጋ ተቀምጧል ይባላል?» ቢለው ተናጋሪ መሆኑ ብቻ አያድነውም። እኛ ሁላችን «ሰበረ»ን ከ«ሰባበረ» እንለያለን። ደንቡን አስረዱ ብንባል ግን ስንቶቻችን እንችላለን? (በነገራችን ላይ ግሱን እንዲህ በድግግሞሽ ማብዛት ሐውሳም ያውቅበታል።)

ለድምፅ

ልጅ ደንብ ሳይጠይቅ ነው አፉን የሚፈታው። ቢሆንም ሰዋስው አይጻፍ አላልኩም። ይጻፍ፤ ግን እያንዳንዱ ምሳሌ ከየትኛው ቅጂ እንደተወሰደ ይታወቅ፣ ቅጂውም ይገኝ። መጽሐፉም በአጭሩ በሐውሳ ይውጣ።

ለሰዋስው

በሐውሳ? ገማይኛን በሚውጠው ቋንቋ?

ለድምፅ

አዎ። በናይጄሪያው ዮቤ ግዛት የሚነገሩት የቦሌና የንጊዚም ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛው ጎን ሐውሳም አላቸው። መምህሩ እንግሊዝኛ ያነብ ይሆናል፤ እናቲቱ ግን ብዙ ጊዜ አታነብም።

ለሰዋስው

ሐውሳውን ተቀብያለሁ። ቅጂው ሁሉ ለማንም ይከፈት ካልሽ ግን አልስማማም። የእናቶች ወግ ውስጥ ሐሜት አለ፣ የቤት ጉዳይ አለ። ሰዋስው ውስጥ የሚገባው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንንም አያጋልጥም።

ለድምፅ

ሐሜቱ ይዘጋ፣ ተረቱ ይከፈት። የትኛው ሐሜት፣ የትኛው ተረት እንደሆነ ግን አንተም እኔም አንወስንም። የተናገሩት ሰዎች ይጠየቁ፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም የተከፈተው ይዘጋላቸው።